ምሥራቅ በየት በኩል ነው

ከጊንጪ በሌሊት ወስደው፣ በሸራ በተሸፈነ መኪና ስላመጡን የት እንዳለን ማናችንም አናውቅም ነበር። የታሰርንበት መስኮት የሌለው የእህል መጋዘን ነው፤ የገብስ አቧራው ገና አልለቀቀውም። ከበሩ ትይዩ፣ ከጀርባው ግድግዳ ሥር፣ የሁላችን መጸዳጃ የሆነው ባልዲ ተቀምጧል።

አጠገቤ የሚተኙት ሽማግሌ ጎጆ ከምትባለው ከተማ አካባቢ የመጡ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው አብሯቸው ተይዞ ነበር፤ መንገድ ላይ ግን ለይተው ወሰዱት። ጠዋት ጠዋት ተነሥተው ወደ በሩ ዞረው ለፈጣሪያቸው ለዋቃዮ ይሰግዳሉ። የማለዳ ብርሃን በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ ገብቶ በሩ አናት ላይ ስለሚያርፍ ምሥራቁ እዚያ መስሏቸዋል። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ እኛ ስንጸልይ ለአቅጣጫ አንጨነቅም። የሒሳብ መምህር በመሆኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ብርሃን የሚያርፈው ከመጣበት በተቃራኒ ነው።

አንድ ቀን ራሳቸው፣ በኦሮምኛቸው መምህር ብለው፣ ጠየቁኝ።

«ባርሲሳ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ምሥራቅ በየት በኩል ነው? ስለ ልጄ የምለምነው ወደማይሆን ቦታ እንዳይሆን ፈራሁ።»

«ነገ አረጋግጬ እነግርዎታለሁ፣ አባቴ» አልኳቸው።

ወደ ግቢው የሚያስወጡን ቀትር ላይ ብቻ ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን። ወሩ ታኅሣሥ ስለነበር ግን በሩ ፊት ለፊት የተተከለው አጣና ወደ ሰሜን አጭር ጥላ ይጥላል። ከብስኩት መጠቅለያ በጥርሴ ብጣሽ ቀደድኩ። አንዴ አጠፍኩት። ከዚያ እጥፋቱን በራሱ ላይ ገጥሜ ደገምኩት። ዳሩን አይጥ የበላው የሚመስል ብጣሽ፣ ዝንፍ የማይል ዘጠና ዲግሪ አወጣ። ለዓመታት ሰሌዳ ላይ አስተምሬዋለሁ፤ አፈሩ ላይ ተንበርክኬ ሳየው ግን ደጋግሜ በጣቴ ዳሰስኩት። እንዲህ ያለ ትክክለኛ ነገር በዚያ ግቢ ውስጥ መገኘቱ ደነቀኝ።

አንዱን ጠርዝ ጥላው ላይ አስተኛሁት። ሌላው፣ ምሥራቅን የሚያሳየው ጠርዝ፣ በሩን አልፎ ቀጥ ብሎ ወደ ባልዲው አመለከተ።

አጠገቤ የቆሙት ሽማግሌ «ይህን ሁሉ ጊዜ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው» አሉ። ቀጥለውም «ዋቃዮ ከኋላም ይሰማል።»

ከዚያ ብጣሹን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ይህን ማዕዘን አንተ ነህ የሠራኸው?»

«እኔ አጠፍኩት እንጂ አልሠራሁትም።»

ስንገባ ወደ ባልዲው ዞረው ቆሙ። መስገድ ግን አቃታቸው፤ ከሽታው ይልቅ ነውሩ ከበዳቸው። ባልዲውን አንሥቼ ከራስጌዬ አስቀመጥኩት። አንዱ እስረኛ ጃኬቱን አውልቆ እርጥቡን ወለል ጠረገው።

«እና አንተ የት ልትተኛ ነው?» አሉኝ።

«እዚሁ፣ ቦታዬ ላይ።»

በግንባራቸው ወድቀው የልጃቸውን ስም ጠሩ።

ልጁ ተገኝቶ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። አሁንም ስጸልይ ወደ ምሥራቅ አልዞርም። ቤቴ ውስጥ ግን ከምሥራቁ ግድግዳ ሥር ዕቃ አላስቀምጥም። ባለቤቴ ምክንያቱን ታውቃለች፤ ቤት ስትጠርግ ከዚያ ትጀምራለች።