ጤነኛም ይቆርባል

ታላቅ ወንድሜ መሬቴን ወሰደብኝ። ነገሩ ይኸው ነው። በ1989ኙ የመሬት ድልድል እኔ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ወርጄ፣ ወባ ጥሎኝ እዚያው ስማቅቅ፣ እሱ ቡሬ አጠገብ ባለችው ቀበሌያችን በአደላዳዮቹ ፊት ቆመና "ቆላ ወርዶ ቀርቷል፤ አይመለስም" አለ። የገዛ ወንድም እንዲህ ካለ ማን ይጠራጠራል? ጅረቱ ዳር ያለችው፣ በበርበሬ የማታሳፍረው ቀይ መሬት በእሱ ስም ሆነች። ድኜ ስመለስ ማሳዬን ሲያርስ አገኘሁት። እርፉን እንደያዘ "እንኳን በደህና መጣህ" አለኝ።

ከሰስሁ። ቀበሌዎቹ "ድልድሉ ተዘግቷል" አሉኝ። ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ "ታላቅህ ነው፣ ቻለው" አሉኝ። ቻለው ማለት መቻሉ ለማይደርስበት ሰው የሚቀል ምክር ነው። ሚስቴን ይዤ ፍኖተ ሰላም ገባሁና በፈረስ ጋሪ እህልና ሰው ማመላለስ ጀመርሁ። ወንድሜን በታላቅነቱ "አያ" ማለት ከዚያ ቀን ጀምሮ ተውሁ፤ ስሙንም አልጠራም። "ያ ሰውዬ" ነው የምለው።

ማንበብ የተማርሁት ጎልማሳ ሆኜ ነው። ለክሱ ወረቀት አውራ ጣቴን ቀለም ስቀባ የተጻፈውን ያነበበልኝ ጸሐፊው ነበር፤ ልክ ያንብብ፣ ይዋሽ፣ በምን አውቃለሁ። ያ ነገር እንደ እሾህ ተሰክቶብኝ ቀረ። ከከተማው ጫፍ የካቶሊክ ደናግል ቤት አለ። ዱቄታቸውን በጋሪዬ የማደርሰው እኔ ነበርሁ። አንዷ ሲስተር ከሰዓት በኋላ ትልልቅ ሰዎችን ፊደል እንደምታስቆጥር ሰማሁና አንድ ቀን ዱቄቱን አውርጄ ስጨርስ ሳልወጣ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። በዚያው ተማርሁ።

ሃይማኖት ልለውጥ ብዬ አልሄድሁም። ግን ካህን በመጣ እሁድ ጸሎት ቤታቸው ከኋላ ቆሜ ሳዳምጥ ቅዳሴው በልጅነቴ የማውቀው ያው የግዕዝ ቅዳሴ ነው፤ ስብከቱ ደግሞ ይገባኛል። ቆየሁ፤ ቆይቼም ከእነሱ ሆንሁ። ሰፈርተኛው "ለዘይትና ለስንዴ ነው የገባው" አለ። ዘይቱን እስካሁን እየጠበቅሁ ነው።

በ1998 ዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ሲስተሯ "ለፋሲካ ትቆርባለህ፤ ከዚያ በፊት ግን ንስሐ ትገባለህ፤ ለንስሐም ትዘጋጃለህ" አለችኝ።

"ምን ዝግጅት አለው? ሄጄ አልናገርም?"

"ምን ብለህ?"

እኛ አገር የንስሐ አባት ቤት ድረስ ይመጣል፤ ጠበል ረጭቶ፣ መክሮ፣ ጾሙን አደራ ብሎ ይሄዳል። እኔ በበኩሌ ቁጭ ብዬ ኃጢአቴን አስቤ አላውቅም። ሲስተሯ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ሰጠችኝ። በውስጧ ኅሊናን የሚመረምሩ ጥያቄዎች አሉ። በጣቴ እየተከተልሁ አነበብኋት። "ባልንጀራዬን በልቤ ጠልቻለሁን?" የሚለው ጋ ስደርስ ቆምሁ። እንዳልረሳ ወረቀት አውጥቼ መጻፍ ጀመርሁ። በሕይወቴ ከራሴ አውጥቼ የጻፍሁት የመጀመሪያ ጽሑፍ እሱ ነው። ገጹ ሞላ።

ፊደሉን እንድታርምልኝ ለሲስተሯ ወሰድሁላት። "የንስሐ ነገር ከሆነ አላነብም፤ የካህኑ ነው" ብላ ገፋችው። "ግድ የለም፣ እኔ ፈቅጃለሁ" አልኋት። ሁለት መስመር አነበበችና አፏን በእጇ ሸፈነች።

"ምን ያስቃል?"

"ፊደሉ መልካም ነው ወንድሜ። ግን ይኼ የወንድምህ ንስሐ ነው። ያንተስ የት አለ?"

አየሁት። እውነቷን ነው። "መሬቴን ወስዷል፤ ዋሽቷል፤ እናታችን ስትታመም አላስጠራኝም" እያለ የሚወርድ ነው። እኔ የለሁበትም። ተናድጄ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት።

ካህኑ አልፎ አልፎ ከባሕር ዳር በኩል ይመጡ ነበር። በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ሲመጡ ሄጄ ተንበረከክሁ። ተናገርሁ፤ ዞሮ ዞሮ ከዚያው ሰውዬ ላይ ወደቅሁ። ማሳው ላይ በረዶ እንዲወርድ ስመኝ መኖሬን ግን አልደበቅሁም።

"ይቅር ብለኸዋል?" አሉኝ።

"መሬቴን ይመልስና እላለሁ፣ አባ።"

"መመለሱ የእሱ ንስሐ ነው። ያንተን ነው የጠየቅሁህ።"

"አላልሁም።"

"ልትል ትፈልጋለህ?"

"አልፈልግም።"

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም። "እሺ፣ መፈለግ እንድትችልስ ትፈልጋለህ?" አሉኝ።

"እሱን ላስብበት" አልሁ።

"አስብበት። ለሆሣዕና ዋዜማ እመጣለሁ። እስከዚያ ተዘጋጅ። ሳትታረቅ ግን ወደ ቁርባኑ አትቅረብ።"

እንግዲህ ያ ጾም በሙሉ ዝግጅት ነበር። ባዶ ጋሪ እየነዳሁ ስመለስ "ይቅር ብዬዋለሁ" ማለት እሞክራለሁ። ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ ያዞራል፤ እኔ ግን "ይቅር" ላይ እቆማለሁ። ለፈረስ መናገር ያቃተኝን ለሰው እንዴት እናገራለሁ?

ለሚስቴ ነገርኋት፤ "ለፋሲካ ልቆርብ ነው" ብዬ። ሚስቴ በእናት በአባቷ ሃይማኖት ያለች፣ ቡሬ ገበያ በርበሬ የምትነግድ ሴት ናት። የምትለቅመውን በርበሬ ትታ ትክ ብላ አየችኝ።

"ሐኪሞቹ ምን አሉህ?"

"የምን ሐኪም?"

"አትደብቀኝ። ጉበትህን ነው?"

እኛ አገር ሕፃን ይቆርባል፤ ሽማግሌና አሮጊት ይቆርባል። መሐል ላይ ያለ፣ የሚያርስ፣ የሚነግድ፣ የሚጣላ ጎልማሳ እቆርባለሁ ካለ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው ሊሞት ነው። እኔ ይኼን ሳላስብ ተናግሬ፣ እሷ በገበያው ቀን ቡሬ ሄዳ ለእህቷ ሹክ አለች። በሳምንቱ አገር ሁሉ አወቀ።

ደንበኞቼ ጆንያቸውን ራሳቸው ይጭኑ ጀመር። "አንተ አታንሳ፣ ተቀመጥ፤ እግዚአብሔር ይማርህ።" አልታመምሁም ስል "አየህ፣ ቻይ ነው፤ አይናገርም" ይባባላሉ። አንዱ የጋሪ ነጂ ጓደኛዬማ ፈረሱን ዙሪያውን ዞሮ ካየ በኋላ፣ "ለማን ልትተወው አሰብህ?" አለኝ።

"ለአንተ ላወርስህ ነበር። አሁን ግን ትቼዋለሁ።"

"ኧረ እኔ ለፈረሱ አዝኜ ነው" አለ፤ እውነትም ያዘነ ይመስል ነበር።

ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት፣ ግቢያችን በር ላይ ጋሪው ሥር በጀርባዬ ተጋድሜ ጎማው የሚዞርበትን ብረት ግሪስ እቀባለሁ። ቦታው ቁልቁለት ስለሆነ ጎማው ሥር ድንጋይ አስደግፌያለሁ። ሁለት ጥንድ እግር መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ከዚያ አንድ ድምፅ "ወይኔ ወንድሜን፣ መንገድ ላይ ወድቆ" አለ።

ድምፁን አወቅሁት። ተንፏቅቄ ወጣሁ። ያ ሰውዬ ነው፤ የእናታችን ወንድም አጎታችንም አብረውት አሉ። ወንድሜ በቆርቆሮ ማር ይዟል። ፊቱ ገርጥቷል።

"እንዴት ተነሳህ?" አለኝ።

"ተኝቼ መች ነበር? ጎማ እየሠራሁ ነው።"

"አልጋ ይዟል አሉን።"

"ዋሽተዋል።"

አጎቴ በበትራቸው ተደግፈው ከራስ እስከ እግሬ አዩኝ። "ልትቆርብ አይደል እንዴ?"

"አዎ፣ አጎቴ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ምን? ካቶሊክ ጤነኛም ይቆርባል።"

"እንዲህም አለ?" አሉና ወደ ወንድሜ ዞሩ። "በል እንግዲህ፣ የመጣህበትን ተናገር።"

ወንድሜ ማሩን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። "ለሚሞት ሰው ነበር ያሰብሁት" አለ። "ለጤነኛ ከበደኝ።"

"ይዘኸው ትመለሳለህ?" አሉት አጎቴ። "ስትሸኝ ልታለቅስ መጥተህ ቆሞ ስታገኘው ከፋህ?"

ልስቅ ፈለግሁ፤ ንዴቱም አለ፤ የቱን እንደማስቀድም አላውቅም። ወንድሜ ማሩን መሬት አስቀመጠ። ቀና ብሎ አላየኝም።

"አይመለስም ያልኋቸው እንዳትመለስ ፈልጌ ነው" አለ። "ሁመራ መታመምህን የነገረኝ ሰው ነበር። መሬቷን ወደድኋት። ሌላ ምክንያት የለኝም።"

ዘጠኝ ዓመት ስጠብቅ የነበረው ይኼን አልነበረም። ሰበብ ነበር የምጠብቀው፤ አደላዳዮቹ ናቸው፣ ሚስቴ ናት፣ ረሃብ ነው ይላል ብዬ። በየሰበቡ የምመልሰው መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ሲስተሯ "ያንተስ የት አለ?" ያለችኝ ገባኝ። ንስሐ እንዲህ ያለ አጭር ነገር ነው። እኔ አንድ ገጽ የጻፍሁትን እሱ ፊደል ሳይቆጥር ተናገረው።

ከዚያ እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊለምን ፈለገና ዙሪያውን አየ። ደህና ድንጋይ ብሎ ያገኘው ጎማዬ ሥር ያለውን ነው። ብድግ አድርጎ ማጅራቱ ላይ አኖረና አጎነበሰ። ጋሪው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ዘልዬ አንዱን ዘንግ ያዝሁ፤ አጎቴ በትራቸውን ጥለው ሌላውን ያዙ።

"ድንጋዩን መልስ" አልሁት።

"ይቅር ለእግዚአብሔር በለኝ።"

"መልስ ድንጋዩን፣ ሰውዬ።"

"ሳትለኝ አላወርድም።"

"በለው እንጂ አንተ፤ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ እጄ ሊቆረጥ ነው" አሉ አጎቴ።

"ይቅር ለእግዚአብሔር። አሁን ጎማው ሥር አስገባው።"

አስገባው። ሦስታችንም እያለከለክን ቆምን። ፈረሱ አጥሩ ጥግ ሆኖ ያየናል። "ከልብህ ነው ወይስ ለጋሪው?" አለኝ ወንድሜ።

"ለጋሪው ነው" አልሁት። "ቤት ግባና ደግሞ እናያለን፣ አያ።"

አያ ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ሚስቴ ሽሮና ዳቦ አቀረበች፤ ማሩንም ከፈተችው። በልተን ስናበቃ፣ ማንም ሳይጎትተኝ ደግሜ አልሁት። ወንድሜ ማሳውን ክረምት ሳይገባ አስረክባለሁ አለ። እውነቱን ለመናገር አላመንሁትም። ግን ይቅርታውን ማሳው እስኪመለስ መያዣ ላደርገው አልፈለግሁም።

ለሆሣዕና ዋዜማ ካህኑ መጡ። ያን ወረቀት ለምድጃ ሰጥቼው ባዶ እጄን ተንበረከክሁ። ስለ በረዶው ነገርኋቸው፤ እናታችን ስትቀበር ከሩቅ ቆሜ ወንድሜን ብቻ ሳይ መዋሌን ነገርኋቸው። የራሴን ብቻ። ሲያልቅ አጭር መሆኑ ገረመኝ።

"ወንድምህንስ?"

"ይቅር ብዬዋለሁ፣ አባ። መጀመሪያ ያልሁት ጋሪው ሊያመልጠኝ ሲል ነው።"

ሳቃቸውን ለመዋጥ ጊዜ ወሰደባቸው። "ከዚያ በኋላስ?"

"ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ አልሁት።"

ፈቱኝ። ለፋሲካ ቆረብሁ። ሰፈርተኛው ሳልሞት ሲያየኝ የቁርባኑ ተአምር ነው አለ፤ ጆንያዬን ግን በማግስቱ ራሴ እንዳነሳ ተወልኝ።

ማሳው ብዙ አጨቃጨቀን። ወንድሜ ዳሩ ላይ የተከለውን ባሕር ዛፍ አልለቅም አለ፤ እኔም ጥላው በርበሬዬን ይገድላል አልሁ። ተሰዳደብን፣ ግን ቁጭ ብለን ነው የተሰዳደብነው። ቆርጦ ይውሰድ ተባባልን። ቆረጠ። አጎታችን ባሉበት፣ ቀበሌዎቹ ቆመው እያዩ፣ ወንድሜ በራሱ በሬዎች የመጀመሪያውን ትልም አወጣና እርፉን ለእኔ ሰጠኝ። ቅዳሜ፣ ሰኔ 3 ቀን 1998 ዓ.ም. ነበር።