ከነቅርፊቱ የተጠበሰ ዓሣ

ሀጀራ ከጅዳ ወደ መካነ ሰላም ስትመለስ ከሁሉም በላይ የፈለገችው ዓሣ የማይሸትበት ቤት ነበር። አሠሪዋ ሽማግሌ የልብ ሕመምተኛ ነበሩና ሐኪማቸው ሥጋና ቅባት ከልክሏቸው፣ ዓመት ከዓመት ዓሣ ስታበስል ኖረች። ዓሣ ባልሠራችበት ቀን የዓሣ ሾርባ ሠራች። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ናት፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት ይዛ የተመለሰችው ሙያም አንድ ነው፤ መካነ ሰላም ውስጥ ደግሞ ማንም አይፈልገውም። እዚህ ሰው ሽሮ ይበላል፣ ሲያልፍለት ሥጋ ይበላል፣ ስለ ዓሣ በሬዲዮ ይሰማል።

ይህ ለሀጀራ ይመቻት ነበር። ያልተመቻት ነገር ቢኖር፣ እትዬ ደብረወርቅ አንድ ነገር ሲጠይቋት እምቢ የምትልበት አፍ የሌላት መሆኑ ነው። እትዬ ደብረወርቅ የጎረቤቷ የመሪጌታ አካሉ ሚስት ናቸው። ሀጀራ ጅዳ ሳለች እናቷ አልጋ ላይ ስትወድቅ ያጠቧት፣ ያጎረሷት፣ ለሀጀራም በስልክ «ደህና ናት፣ አብሽሪ» እያሉ እስከ መጨረሻዋ ቀን የዋሿት እሳቸው ናቸው።

ፋሲካ አልፎ ብዙም ሳይቆይ እትዬ ደብረወርቅ በአጥሩ መሽሎኪያ በኩል መጡ። በነጠላቸው ሥር አንድ ነገር ደብቀዋል።

«ሀጁ፣ ደህና አደርሽ?»

«አልሐምዱሊላህ። እርስዎስ ደህና ነዎት?»

«እኔስ ደህና ነኝ። መሪጌታ ናቸው እንጂ።»

መሪጌታ አካሉ ደም ግፊት አለባቸው። በሁዳዴ መጨረሻ ማኅሌት ቆመው ሳለ መቋሚያ የያዘ እጃቸው ደነዘዘና መቋሚያው ወደቀ። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ቅቤ፣ ጮማና ጨው ተዉ ተባሉ፤ ካልተዉ በሚቀጥለው ጊዜ የሚደነዝዘው እጅ ብቻ እንደማይሆን ተነገራቸው። መሪጌታ ይህን የሰሙት ጾም ሊፈታ ሲል ነው።

«ጎመንና ሽሮ ይብሉ» አለች ሀጀራ።

«እሱንማ ጾሙን ሙሉ በላሁት ይላሉ። በዓለ ሃምሳን ደግሞ መጾም አልተፈቀደም ይላሉ። ሐኪሙ ጾም ሲገባ የት ነበር ይላሉ።»

«ታዲያ ምን ይብሉ?»

«ዓሣ ብሏል ሐኪሙ። ዓሣ ፍስክ ነው፣ ዓሣ ከሆነ እበላለሁ አሉ።»

«እንደዚያ ያሉት እዚህ ዓሣ እንደሌለ ስለሚያውቁ ነው።»

«እሱን እኔም አውቃለሁ» አሉ እትዬ ደብረወርቅ። «አንቺ ግን መሥራቱን ታውቂያለሽ። ዓሣ ደግሞ አራጅ የለውም።»

ይህ እውነት ነው። በዚህ አገር እስላሙ ያረደውን ክርስቲያኑ አይበላም፣ ክርስቲያኑ ያረደውን እስላሙ አይበላም። አብረው ይድራሉ፣ አብረው ይቀብራሉ፤ ለሠርግ ግን ሁለት ሰንጋ ይጣላል፣ ሁለት ቦታ ይቀቀላል። ዓሣ ከውኃ ሲወጣ በራሱ ይሞታል፤ የማንም አይደለም። የቀረው ዕቃው ብቻ ነበር፤ የሀጀራ ድስት የእስላም ሥጋ የለመደ ነው። እትዬ ደብረወርቅ ይህንንም አስበውበት ኖሯል፤ ከነጠላቸው ሥር ያወጡት የራሳቸውን የብረት መጥበሻ ከነክዳኑ ነበር።

ሀጀራ መጥበሻውን ተቀበለች። ሌላ ምን ልታደርግ ትችላለች።

የአጎቷ ልጅ ሳዲቅ ሚኒባስ ይነዳል፤ ወደ አባይ በረሃ ይወርዳል። ደወለችለት።

«ዓሣ?» አለ። «መኪናዬ ምን አደረገችሽ?»

«በላስቲክ ጠቅልለው።»

«ሽታው ከላስቲክ አይወጣም ማለት ነው?»

በነጋታው አመጣላት። ተገፎና ጭንቅላቱ ተቆርጦ በወፍራም ላስቲክ የታሰረ ነጭ ሥጋ ነበር። ሀጀራ ሎሚ ጨምቃ አሸችው። በመጥበሻው ወለል ላይ የተከተፈ ቲማቲምና ሽንኩርት አነጠፈች፣ ዓሣውን በላዩ አጋደመች፣ የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት በተነችበት፣ ሁለት ቃሪያ ጣለችበት፣ ከድና ለዘብ ያለ ከሰል ላይ አስቀመጠችው። ዘይት የለም፣ ቅቤ የለም፣ ውኃ እንኳ የለም።

«ባዶ ብረት ላይ?» አሉ እትዬ ደብረወርቅ። «ያርራል።»

«ቲማቲሙ ውኃ ያወጣል። ክዳኑን ብቻ አይንኩት።»

ሀጀራ ሎሚ ልታመጣ ገብታ ተመለሰች።

«ከፈቱት።»

«ልየው ብዬ ነው።»

«እንፋሎቱ ወጣ።»

«ትንሽ ነው የወጣው።»

ትንሽም ቢወጣ ዓሣው በደንብ በሰለ። በማንኪያ ሲነኩት በቅጠል በቅጠል ይለያይ ነበር። መሪጌታ ታጥበው፣ ጸልየው፣ ሳሕኑን ወደ ራሳቸው ሳቡና ቆም አሉ።

«ይህ ነገር ቅርፊት ነበረው?»

ሀጀራ እትዬ ደብረወርቅን አየች። እትዬ ደብረወርቅ ሀጀራን አዩ።

«የመጣልኝ ተገፎ ነው መሪጌታ።»

«ክንፍስ?»

«ክንፉንም አላየሁትም።»

መሪጌታ እጃቸውን መለሱ። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት እንደማይበላ መጽሐፉ ይናገራል፤ እሳቸው ደግሞ መጽሐፉን ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሀጀራ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። ባደገችበትም በሠራችበትም ቤት ከውኃ የወጣ ሁሉ ሐላል ነው፤ ስለ ቅርፊት የሚጨነቀው የሚፍቀው ሰው ብቻ ነበር። ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ ሁሉም እንዲሰሙ ድምፁን ወደ ውጭ አደረገችው።

«ሳዲቅ፣ ዓሣው ቅርፊት ነበረው?»

«ምን?»

«ላዩ ላይ። እንደ ልብስ ሆኖ።»

«ዓሣ ምን ልብስ አለው ሀጀራዬ? ራቁቱን ነው የሚዋኘው።»

«ጭንቅላቱስ ምን ይመስል ነበር?»

«ሰፋ ያለ ነው። ጢም አለው።»

«አምባዛ ነው» አሉ መሪጌታ ተነሥተው። «ጢሙ ከእኔም ሳይበልጥ አይቀርም።»

«ጣፋጭ ነው ብለውኛል እኮ» አለ ሳዲቅ በስልኩ ውስጥ።

እትዬ ደብረወርቅ መጥበሻውን በአመድ ፈትገው ጸበል ረጩበት። ሀጀራ አምባዛውን ለብቻዋ በላችው። ጣፋጭ ነበር፤ ይህንን ለማንም አልተናገረችም።

መሪጌታ ከዚያ በኋላ ክርክሩ ያለቀ መሰላቸው። ዓሣ ተሞከረ፣ አልሆነም። በዚያው ሳምንት ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ አንድ ክርስትና ተጠሩና ሄዱ። በቅቤ ያበደ ወጥ ቀረበ፣ ጮማ ተቆረጠ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ካህናት ግራና ቀኝ ይዘው አመጧቸው። አፍንጫቸው ደምቶ ነጠላቸው ላይ ፈስሷል፤ ሲናገሩ ቃሉ ይተሳሰርባቸው ነበር። «ፀሐይ ነው» ለማለት ሦስት ጊዜ ሞከሩ።

መሪጌታ ሲያንቀላፉ እትዬ ደብረወርቅ በመሽሎኪያው መጥተው ሀጀራ ደጃፍ ዱካ ላይ ተቀመጡ። የሚያለቅሱ ሴት አይደሉም። የነጠላቸውን ጥለት ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ ደግሞ ያጥፋሉ።

«ዓሣውን ካልበሉ ሥጋውን መብላታቸው ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሥጋውን ከበሉ እኔም መቅበሬ ነው።»

ሀጀራ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«ቅርፊቱን በዓይናቸው ካዩ ይበላሉ?»

«ካዩማ ምን ምክንያት ይቀራቸዋል። ሌላ እስኪያገኙ።»

ሳዲቅ እንደገና ተደወለለት።

«ጢም የሌለው» አለችው ሀጀራ። «ሙሉውን። ከነጭንቅላቱ፣ ከነክንፉ። ቢላ እንዳይነካው።»

«ነፍሱስ ትውጣ?»

«ሳዲቅ።»

«እሺ፣ እሺ። ጢሙን ፈትሼ አመጣለሁ።»

ያመጣው ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ ነው፤ ሦስት፣ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ። ቅርፊቱ እንደ ሳንቲም ያበራ ነበር። ሀጀራ አንዱን አንሥታ ቧንቧው ሥር ያዘችውና በቢላዋ ጀርባ ከጅራት ወደ ጭንቅላት መፋቅ ጀመረች። እጇ ለዓመታት ያደረገውን አደረገ። ቅርፊቱ ግድግዳው ላይ ሲረጭ እትዬ ደብረወርቅ የእጇን አንጓ ያዙ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

ሁለቱም ዓሣውን አዩት። አንድ ጎኑ ተላጭቷል።

«ይኼኛው የእኔ ይሁን» አለች ሀጀራ።

«ቅርፊቱን ለቅመን በሳሕን ብናቀርብላቸውስ?»

«ቅርፊቱ የዚህ ዓሣ መሆኑን ማን ይመሰክራል ይላሉ።»

እትዬ ደብረወርቅ አሰቡበት። «ይላሉ» አሉ።

ሳይፋቅ ደግሞ ዓሣ አይበላም። ሀጀራ ቢላዋውን እንደያዘች ቆመች። ያን ጊዜ ጅዳ ጎረቤት ቤት ትሠራ የነበረችው ግብፃዊት ትዝ አለቻት። ያቺ ሴት ዓሣ አትፍቅም። ሆዱን ብቻ ታጸዳና ከነቅርፊቱ ፉርሽካ ላይ ታንከባልለዋለች፤ ከዚያ በጋለ ደረቅ ብረት ላይ እስኪጠቁር ትጠብሰዋለች። ፉርሽካውና ቅርፊቱ ይቃጠላሉ፣ ሥጋው ውስጡ በራሱ ውኃ ይበስላል፤ ጠብታ ዘይት አይነካውም። ሀጀራ አሠራሩን አትወደውም ነበር፤ ጭሱ ያስለቅሳል። የተጠየቀች ጊዜም ሰነፍ ሰው ያመጣው ነው ትል ነበር።

«ፉርሽካ አለዎት?»

«ለላሟ የገዛሁት አለ። የደጎሎ ስንዴ ነው።»

«ላሟ ታውሰን።»

የሁለቱን ዓሦች ሆድ ከፍታ አጠበች። ውስጡን በነጭ ሽንኩርት፣ በጦስኝና በሎሚ ቁራጭ ሞላችው። ከእርጥበቱ ጋር ፉርሽካው ላይ አገላበጠችው፤ ጫን ጫን አደረገችው፤ ካፖርት የለበሰ መሰለ። መጥበሻው ሲግል አንዱን አጋደመችበት። ጭሱ ግቢውን ሞላው፣ አጥሩንም ተሻገረ። እትዬ ደብረወርቅ ዓይናቸውን እየጠረጉ እጃቸውን ወደ ዓሣው ሰደዱ።

«አይንኩት። ቶሎ ከገለበጡት ልብሱ ይቀደዳል።»

«አልነካሁትም።»

«እጅዎ ሄዷል።»

መሪጌታ በከዘራ ተደግፈው በመሽሎኪያው መጡ። ፊታቸው ገርጥቷል፤ ዱካው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሀጀራ ዓሣውን ሙሉውን፣ ከነጭንቅላቱ፣ በሳሕን አቀረበችላቸው። የከሰል ጉማጅ ይመስል ነበር።

«ተቃጥሏል» አሉ።

«የተቃጠለው ልብሱ ነው።»

መነጽራቸውን አምጡ አሉ። መጣላቸው። ፉርሽካውን በጣታቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉት፤ ከሥሩ ቅርፊቱ ተደራርቦ ታየ። በጥፍራቸው አንዱን ቀና አደረጉ፣ ሌላውንም ቀና አደረጉ። ክንፉን ዘረጉት። ጢም ይፈልጉ ይመስል አፉን አዩ። እትዬ ደብረወርቅ ከኋላቸው ቆመው መተንፈስ ትተው ነበር።

«ቅርፊት ነው» አሉ መሪጌታ፣ ቅር እንዳለው ሰው።

ባረኩት። ቆዳውን በጣታቸው ሲይዙት ከነቅርፊቱ እንደ ክዳን ተነሣ፤ ከሥሩ ነጭ ሥጋ እየጨሰ ወጣ። ትንሽ ቆርሰው ቀመሱ።

«ጨው የለውም።»

«የለውም» አለች ሀጀራ።

«ሎሚ አለው።»

«አለው።»

እንደገና ቆረሱ። ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም፤ በእንጀራ እየጠቀለሉ፣ እሾሁን በሳሕኑ ዳር እየደረደሩ፣ የጎድን አጥንቱ እንደ ማበጠሪያ ራቁቱን እስኪቀር በሉ። እጃቸውን ጠረጉ።

«ለበሽተኛ ይሆናል» አሉ።

እትዬ ደብረወርቅ ሳሕኑን ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ መሪጌታ እጃቸውን ጣል አደረጉበት።

«ያኛውን ጎኑን አላየሁትም።»

«ያው ዓሣ ነው እኮ መሪጌታ» አሉ ሚስታቸው።

«አላየሁትም አልኩ።»

ዓሣውን ገለበጡት። መነጽራቸውን አስተካክለው ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ በሌላው በኩል ደግሞ መረመሩት፤ ቅርፊቱን ቀና አደረጉ፣ ክንፉን ዘረጉ። ከዚያ ቆዳውን አነሡና መብላት ጀመሩ።

እትዬ ደብረወርቅ መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። ሀጀራ ሁለተኛውን ዓሣ መጥበሻው ላይ አጋደመችው።