ልጄ ያላነበበችው ገጽ

ልጄ ማንበብ አትችልም ስል ባሌ ይስቅብኛል። «አንቺ ሴትዮ፣ ይህን ሁሉ ሱራ በቃሏ የያዘችን ልጅ አታነብም ትያለሽ? አላህን አትፈሪም?» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ቁርአን ቤት ስትቀራ ድምጿን ሰምቶ ቆም የማይል መንገደኛ የለም። ግን በጆሮዋ ነው የምትይዘው። አንዴ ከሰማች አለቀ። ፊደል ስታይ ደግሞ ይተራመስባታል፤ ስምንተኛ ክፍል ደርሳ «ሰ»ን ከ«ለ» አትለይም። ጓደኞቿ በቡድን ጥናት ጮክ ብለው ሲያነቡ እየሰማች፣ ፈተና ላይ አጠገቧ ካለችው እየገለበጠች ነው እዚህ የደረሰችው።

እኔ ደባርቅ ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ። አንድ ቀን አዲስ የተመደበችው የልዩ ፍላጎት አስተማሪ ሱቄ ድረስ መጣች። «ልጅዎ ሰነፍ አይደለችም። ለብቻዋ ላስተምራት፤ ለሚኒስትሪም ጥያቄውን የሚያነብላት ሰው ላስፈቅድላት። ርእሰ መምህሩና አባቷ ግን መስማማት አለባቸው» አለችኝ። አገላብጬ ሳምኳት። ልጄ ሚኒስትሪ ከወደቀች ባሌ የቆረጠው ነገር ነበር፦ ትምህርት በቃ፣ ዳባት እህቱ ሱቅ ትቀመጣለች። እህቱን አውቃታለሁ። እሷ ዘንድ ከመቀመጥ ሊማሊሞን በሸክም መውጣት ይሻላል።

ርእሰ መምህሩ ሁላችንንም በቀጠሩበት ጠዋት ከቤት ስንወጣ ልጄ እጄን ያዘችኝ። «እማ፣ አባ ፊት ግን እንዳታዋርጅኝ።» እሺ አልኳት።

ርእሰ መምህሩ በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት ያለፉ ሰው ናቸው፤ ለእሳቸውም በቃል መያዝና ማንበብ አንድ ነው። የአማርኛውን መጽሐፍ የመጀመሪያ ምንባብ ገልጠው «እስቲ አንብቢ» አሏት። ስለ ውኃ አጠባበቅ የሚል ነበር። ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች አንበለበለችው። ባሌ ደረቱን ነፋ። «ጋዜጠኛ ትወጣለች ስላችሁ!» አለ።

ርእሰ መምህሩ ሳቁ። «ይህችን ነው አታነብም የምትሉኝ? ለባሰባቸው እንኳ ቦታ የለንም እኮ!» ብለው መጽሐፉን ሊዘጉ እጃቸውን ሰደዱ። ያቺ የዳባቷ ሴትዮ ዓይኔ ላይ መጣችብኝ።

ቀደምኳቸው። መጽሐፉን ነጥቄ መሃሉን ገለጥኩና ልጄ ፊት አኖርኩት።

«ይህንን አንብቢ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ለካራ የተጎተተ በግ ነው እንዲያ የሚያይ። «እማ…» አለች በቀስታ።

«አንብቢ አልኩሽ!»

ገጹ ላይ ቀፎና ንብ ተስሎበታል። ልጄ ጣቷን ከንቡ ሥር አድርጋ፣ በዚያው ባማረ ድምጿ ስለ ውኃ አጠባበቅ ጀመረች። እንባዋ መጽሐፉ ላይ ይንጠባጠባል፣ ድምጿ ግን አልተሰበረም። ማንም አላስቆማት። እስከ መጨረሻው ተወጣችው።

ባሌ ተነሥቶ በሩ ላይ ሲደርስ «ገመናችንን አደባባይ አወጣሽው» አለኝና ሄደ። ርእሰ መምህሩ አንገታቸውን ደፍተው «ትማር» አሉ።

ባሌም አልከለከለም፤ አሁን ለብቻዋ ትማራለች፤ ፊደሉም እየገባት ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ጎረቤቱ ጨካኝ ይለኛል። ይበለኝ! ምን ላድርግ፣ ዳባት ላስቀብራት ኖሯል? ዛሬም ቢሆን እገልጠዋለሁ።

ባለፈው አርብ እንግዶች መጡብን። ባሌ ከዚያን ቀን ወዲህ ልጁን በወጉ አናግሯት አያውቅም፤ እንግዳ ሲያይ ግን የድሮው ኩራቱ ተነሣበት። «እስቲ ያሲንን ቅሪልን» አላት። ቁርአኑን በሁለት እጇ ይዛ መጣች። አባቷን አልፋ እኔ ፊት ቆመችና ዘረጋችልኝ።

«የፈለገችውን ገጽ እማ ትግለጥልኝ» አለች።

እንግዶቹ የልጅ ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ። እኔ እጄን መዘርጋት አቃተኝ።