ፈረስ የሌለው ፈረሰኛ

የገብስ ጆንያ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ዛሬም ጭኔ ይንቀጠቀጣል። ልጆቼ ይስቁብኛል። ምክንያቱን ነግሬያቸው አላውቅም።

በደርግ ጊዜ፣ አሰላ ውስጥ፣ እኔና ጓደኛዬ ከድር የቻይና ኩንግ ፉ እንማር ነበር። አስተማሪ አልነበረንም። የነበረን ባለሱቁ ስኳር ሲጠቀልልበት አይተን የለመንነው የአንድ የቻይና መጽሐፍ ቅዳጅ ነው። ጽሑፉን የሚያነብልን ሰው አላገኘንም፤ ሥዕሉን ግን ወረቀቱ እስኪላላ አጠናነው። ችግሩ፣ በአንዱ ሥዕል ሰውዬው ጉልበቱን አጥፎ ቆሟል፤ በሚቀጥለው አየር ላይ ነው። ከዚህ እዚያ እንዴት እንደደረሰ የሚያሳየው ገጽ ስኳር ይዞ ሰው ቤት ሄዷል። ስለዚህ የቻልነውን ያዝን፤ መቆምን። እግርን ከፍቶ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ ወገብን አቅንቶ፣ ፈረስ ላይ እንደተቀመጡ መቆም።

የምንለማመደው አባ ገመዳ የተባሉ የአርሲ ሽማግሌ በሚጠብቁት የገብስ መጋዘን ውስጥ ነበር። በር ላይ ተቀምጠው ያዩናል።

“ኢጆሌ፣ እናንተ ልጆች፣ ፈረሳችሁን ማን ሰረቀ?”

“እየመጣ ነው፣ አባ” ይላቸዋል ከድር።

“እስኪመጣ ታረጃላችሁ።”

ያን ጊዜ ቁመት ጠላት ነበር። ለውትድርና የሚያፍሱት ሰዎች ዕድሜ አይጠይቁም፤ ቁመት ያያሉ። የከድር ታላቅ ወንድም ገበያ እንደወጣ ተይዞ ወደ ሰሜን ሄደ፤ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ እናታቸው፣ ከድር በወጣ ቁጥር እስኪመለስ ድረስ በር ላይ ይቆማሉ። ከድር ደግሞ በዚያው ክረምት ከእኔ በቁመት በአንድ ራስ በልጦ ነበር።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ የአፋሾቹ መኪና መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ቆመ። አባ ገመዳ ሳይዞሩ በእጃቸው ወደ ኋላ አመለከቱን። ከጆንያው ክምር ጀርባ ገባን። እዚያ የጣሪያው ቆርቆሮ ዝቅ ስለሚል ቀና ማለት አይቻልም። ከሥር ደግሞ ጣሪያው የሚያፈሰውን ውሃ የሚቀበሉ ጣሳዎች ተደርድረዋል፤ አንዱ ቢነካ ይጮኻል። መቆም የለም፣ መቀመጥ የለም። ጣሳዎቹን በእግራችን መሀል አድርገን ጉልበታችንን አጠፍን።

“ሽማግሌው፣ እዚህ ጎረምሶች ይገባሉ አሉ።”

“አይጥ ነው የሚገባው።”

“ብናገኝ እርስዎን ነው የምንወስደው።”

“እኔን? ጥርስ የለኝም። ያን ደረቅ የወታደር ኮቾሮአችሁን ማን ያኝክልኛል?”

አንደኛው ሳቀ። ሌላው አልሳቀም። ጫማው በክምሩ ዙሪያ ቀስ እያለ ሲሄድ፣ ጆንያውንም በዘንግ ሲወጋ ይሰማናል። ጭኔ ውስጥ እሳት ገባ። ከድር መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከሥሩ ያለው ጣሳ ውስጥ ውሃው ሲርገበገብ አየሁ። ትከሻዬን ብብቱ ሥር አስገባሁ። ክብደቱ ሁሉ እኔ ላይ መጣ። ቤታቸው በር ላይ የሚቆሙት እናቱ በሐሳቤ ታዩኝ። ጀግና ስለነበርን አይደለም የቆምነው፤ ነፍሳችን እስኪወጣ ፈርተን ነበር። ጭናችን ግን ለምዷል። ሰው በጭንቅ ቀን የሚያገኘው በደህና ቀን የለመደውን ነው።

ጫማው ራቀ። መኪናው ተነሣ። እኛ ግን ጉልበታችንን መዘርጋት አቃተን፤ አባ ገመዳ ጎትተው አወጡን።

“ፈረሱ መጣ እንዴ?” አሉ።

ከድር ሊስቅ ፈለገና አለቀሰ።

ከድር ዛሬ ዲክሲስ ከተማ እህል ይነግዳል፤ የልጅ ልጅ አይቷል። ስንገናኝ ስለዚያ ቀን አናነሣም። ታናሹ ልጄ ግን እዚሁ አሰላ፣ መስታወት ባለው አዳራሽ፣ ውሹ የሚባለውን የቻይና ኩንግ ፉ ከአሠልጣኝ ይማራል። ስኳር የተጠቀለለበትን ገጽ ሁሉ እሱ ያውቀዋል፤ ሲዘል እግሩ መሬት የሚረሳ ይመስላል። እኔ ጥብቅ አባት ነኝ። ባለፈው ሳምንት ግቢያችን ውስጥ ሲዘል አየሁትና፣ “መጀመሪያ መቆም ይቅደም፤ እስቲ ቁም” አልኩት። ጉልበቱን አጠፈ፤ ብዙም ሳይቆይ ቀና አለ።

“አባዬ፣ ይሄ እኮ ውድድር ላይ ነጥብ የለውም።”

ልቆጣ ነበር። ልጅ ትዕግሥት መማር አለበት፤ ይህን ቃሌን አሁንም አላጥፍም። ግን ቁመቱን አየሁ። የያን ጊዜውን ከድር ያህላል። የዚያን ዕለት ጠዋት ገበያ ልከነው ነበር፤ እናቱ በር ላይ ሳትቆም ተመልሷል።

“ነጥብ አይኑረው፣ ልጄ” አልኩት። “ዝለል።”