ሰላምሰገድ ሦስት ጊዜ እስኪለመን

«ድምፅሽን ሰማሁት ከወንዙ ወዲያ ማዶ፣
ልቤ… ምናምን… ምናምን… ወርዶ።»

ሁለተኛው ስንኝ ከጠፋበት ዓመታት አልፈዋል። ሰላምሰገድ ቤት መምቻውን ብቻ ይዞ መሐሉን በምናምን እየሞላ ያንጎራጉራል፤ ልቡ ከየት እንደወረደ፣ ወርዶስ ምን እንደሆነ፣ እሱም አያውቅ። በፈረንጆቹ 2006፣ በጥቅምት ወር አንድ እሑድ ቀትር ላይ፣ ሰማያዊው የምድር ውስጥ ባቡር፣ ቱነልባናው፣ ወደ ሪንከቢ ሲከንፍ ዜማው ከአፉ አምልጦ ወጣ። ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ስዊድናዊት አሮጊት ጋዜጣቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉ። በስቶክሆልም ይኼ ከተግሣጽ ይቆጠራል።

ሰላምሰገድ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። በወጣትነቱ በቀበሌ የኪነት ቡድን ውስጥ ከኋላ ረድፍ ቆሞ ይዘፍን ነበር፤ ሲያወራው «ከኋላ ረድፍ» የምትለዋን ይዘላታል። ስደት በሱዳን አድርጎ ስዊድን ከጣለው ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ፊቲያ ጣቢያ፣ ከመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ የተሳፋሪ ካርድ ያያል። ሳጥኑ ውስጥ ማይክሮፎን አለ። ባቡር ሲዘገይ ማስታወቂያውን የሚናገረው እሱ ሲሆን ድምፁን በትዝታ ቅኝት ስለሚያወርደው፣ ተሳፋሪው አሥር ደቂቃ ጠብቁ የተባለ ሳይሆን መርዶ የተረዳ ይመስል አንገቱን ይደፋል። አለቃው ሁለት ጊዜ በትህትና አናግሮታል። ሰላምሰገድ ግን አድናቆት መስሎት ነበር።

ሚስቱ ባዩሽ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አንድ ልጃቸውን ሰሎሜን ብቻውን አሳደገ፤ እሱ በአማርኛ ይናገራል፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልሳለች፣ እንዲሁ ሲግባቡ ኖሩ። አሁን ሰሎሜ ልታገባ ነው። ልጁ ሮቢ ይባላል፤ ስቶክሆልም የተወለደ የፊሊፒኖ ልጅ፣ ነርስ፣ ረጋ ያለ። እናቱ ሉርደስ ሪንከቢ አደባባይ አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። እሑድ እሑድ ዘመድ አዝማዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚያ ተሰብስቦ በአንድ ገበታ ይበላል። ሰላምሰገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠራው ለዛሬ ነው።

ሰርጉ አላስጨነቀውም፤ ሰርግ የአንድ ቀን ነገር ነው። ያስጨነቀው ከሰርጉ በኋላ የሚመጣው እሑድ ነበር። ከእንግዲህ ሰሎሜ እሑድን የምታሳልፈው በዚያ ገበታ ላይ ነው። እሱስ? ለሁለት ሰው ሠርቶ የአንዱን ድርሻ ሰኞ የሚበላ ሰው ሊሆን ነው? ከዚያ ገበታ ጥግ አንዲት ወንበር ከተሰጠችው ሌላ ምንም አልፈለገም። ለማንም ግን አልተናገረውም። ለመናገር ያሰበው በግጥም ነበር፤ ግጥሙ ደግሞ ገና አላለቀም።

በዋዜማው ለጓደኛው ለባሕሩ ደወለለት። ባሕሩ ሶደርተልየ የጭነት መኪና ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ የማያውቀው ነገር የለም፣ ወይም የለም ይላል።

«ፊሊፒኖ ማለት እኛው ነን» አለው ባሕሩ። «ይለምኑሃል። በመጀመሪያው ጥሪ ዘለህ እንዳትቀመጥ ታዲያ። የሙሽራዋ አባት ሆዳም ነው ብለው ይሥቁብሃል።»

«ስንት ጊዜ እምቢ ልበል?»

«ሦስት። ወግ ነው።»

«አንተ ፊሊፒኖ የት ታውቃለህ?»

«ከእኔ ጋር የሚሠራ አንድ አለ። ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት ነው ና ብላ የሚለኝ። ሦስት ጊዜ አስለምኜው ነው እስኪያልቅ የምበላለት።»

ሰላምሰገድ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገውም። ለነገሩ እምቢ በማለት በኩል የከፈለውን ያህል የከፈለ ሰው አልነበረም። ሥራ በጀመረ ሰሞን ባልደረቦቹ ኬክ ሲያቀርቡለት እንደ ጨዋ ሰው «አይ፣ ይቅርብኝ» አለ። ስዊድኖቹ «እሺ» ብለው ወሰዱት። በሚቀጥለውም፣ በሚቀጥለውም እንዲሁ። በሃምሳኛ ልደቱ ቀን አበባ ሰጡት፤ «አንተ ኬክ ስለማትወድ» ብለው ኬኩን ራሳቸው ተሰብስበው በሉለት። ከዚያ ወዲህ ቁስሉን ለመሸፈን የሠለጠነ ሰው ሆነ። ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ «እኔ እንኳ መለመን አልወድም። በሞቴ፣ አፈር ስሆን እያሉ ሰው ማነቅ ምንድን ነው? ስዊድኖች ይሻሉናል» ይላል። ሲል ግን አንገቱን ወደ ገበታው እያሰገገ ነው።

ሪንከቢ ሲወርድ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበር። ከቅዳሴ በቀጥታ ነው የመጣው። የምግብ ቤቱን በር ሲከፍት ነጭ ሽንኩርት በኮምጣጤ ሲፈላ፣ ሩዝ ሲበስል፣ ዓሣ በሮቃ ፍሬ ሲኮመጥጥ ሽታው አንድ ላይ ሆኖ ደረቱን ገፋው። ስምንት ገበታ ያላት ቤት ናት፤ የአበባ ላስቲክ የለበሱ ጠረጴዛዎች፣ ለሕፃናት የሚሆኑ ረጃጅም ወንበሮች፣ ጥግ ላይ ማይክሮፎን የተሰካበት የዘፈን ማሽን። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ የወረቀት ዘውድ ደፍታ የፍቅር ዘፈን ትዘፍናለች። ስትጨርስ ማሽኑ ከመቶ ዘጠና ስምንት ሰጣት። ሰላምሰገድ በዘመኑ እንዲህ ያለ ማሽን ስላልነበረ ፈጣሪውን አመሰገነ።

በረጅሙ ገበታ ዙሪያ ሰሎሜና ሮቢ፣ የሮቢ አጎቶች፣ አክስቶችና ሕፃናት ተቀምጠዋል። ሳህኑ ሁሉ ሞልቷል፤ የነካው ግን የለም። እንግዳው እስኪጀምር ይጠብቃሉ።

ሉርደስ ሽርጧን በቤተ ክርስቲያን ቀሚሷ ላይ እንዳሰረች ፈጠን ፈጠን እያለች መጣች። «እንኳን ደህና መጡ። ይቀመጡ፣ ይብሉ» አለችው በስዊድንኛ። ስዊድንኛ አንቱ የለውም፤ ሰላምሰገድ ግን ሲሰማ በልቡ አንቱ እያደረገ ነው፣ አለዚያ ያመዋል።

«እግዜር ይስጥልኝ። በልቼ ነው የመጣሁት።»

አንድ። እጅጌውን እንድትይዘው ብሎ በወጉ መሠረት ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። የያዘው የለም። ሉርደስ አፏን ከፈተች፣ ሰሎሜን አየት አደረገች፣ አፏን መልሳ ዘጋች።

«እሺ» አለች። «እንደወደዱ።»

ሮቢ ወንበር ሳበለት። «ቁጭ ይበሉ እንጂ። ሾርባ ላምጣልዎት?»

«አይ፣ አትቸገር ልጄ። ሥራዬ ቁጭ ማለት ስለሆነ መቆሙ ደስ ይለኛል።»

«እሺ» አለ ሮቢ፤ ወንበሩንም ወደ ቦታው መለሰ።

ሁለት። ሰላምሰገድ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። የሚያደርገው ቢያጣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የደሴት ፎቶግራፍ ልክ እንደሚገዛው ሰው በቅርብ መረመረ። በጀርባው የሳምቡሳ ዘመድ የሆነ የተጠበሰ ጥቅልል በሳህን አለፈ። አፍንጫው አብሮት ዞረ፤ እሱ ግን በጀግንነት ደሴቱ ላይ ቆመ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሉርደስ ራሷ ሳህን ይዛ መጣች። ዓይን ዓይኑን እያየች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዶሮ ነው» አለች። «አሳማ እንደማትበሉ ሰሎሜ ነግራኛለች። ድስቱንም ለእርስዎ ብዬ አዲስ ገዝቻለሁ።»

አዲስ ድስት። አሁን ነው፣ አሁን አንዲት «እባክዎ» ከጨመረችበት እጁን ይዘረጋል። ምላሱ ግን በሃምሳ ስምንት ዓመት ልማድ ቀድማው ሄደች፤ «ሆዴ ጢም ብሏል፣ እመቤቴ።» ይኼኔ ሆዱ፣ እንደ ባቡሩ ሳይዘገይ፣ ረጅም ጩኸት አሰማ። የወረቀት ዘውድ የደፋችው ልጅ ዞር ብላ አየችው።

ሉርደስ አልለመነችውም። ሳህኑን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች፤ ትከሻዋ ወርዶ ነበር።

ሦስት አለቀ። ሰላምሰገድ ከሦስት በኋላ ምን እንደሚደረግ ባሕሩን አልጠየቀውም ነበር። የወጥ ቤቱ በር መጋረጃ ብቻ ስለሆነ የሴቲቱ ድምፅ ተሰማው፤ ሰሎሜም ስታባብላት። ትንሽ ቆይቶ ልጁ ወጣች። ፊቷ ቀልቷል።

«አባዬ፣ ምን ሆነሃል? ሦስት ጊዜ ጠየቀችህ እኮ።»

«ጠየቀችኝ። አልለመነችኝም።»

«እንዳትለምንህ የነገርኳት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ዕለት ደውዬ አባቴ መለመን ይጠላል፣ እንደ ስዊድን ነው፣ እምቢ ካለ እምቢ ነው አልኳት። እንዴት አድርጌ ዝም እላለሁ ስትለኝ አስማልኳት።»

«እጠላለሁ ብሎ ማን ነገረሽ?»

«አንተ ነሃ። በየሰርጉ፣ በየክርስትናው። በእትዬ አበባየሁ ቤት እንዲያውም ቆመህ ንግግር አድርገሃል።»

ንግግሩ ትዝ አለው። ያማረ ንግግር ነበር። ያደረገው ሁለተኛውን ሳህን ጨርሶ ሦስተኛውን ሲጠብቅ ነው።

«አሁን ምን ትላለች?»

«ምግባችንን ተጸየፈው ትላለች። ዛሬ ያልተቀመጠልኝን ሰው ሌላ እሑድ እየጠራሁ አላስጨንቀውም ትላለች።»

ባርኔጣው ከሰላምሰገድ እጅ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ግቢና ንገሪያት። እንዲህ ማለቱ አይደለም በያት።»

«አልነግራትም» አለች ሰሎሜ። «በሁለታችሁ መሐል አንድ ጊዜ ገብቼ የሆነውን እያየህ።»

ዘወር ብሎ ገበታውን አየ። አንድ ሕፃን ጉንጩን በእጁ ደግፎ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተክሏል። ትልልቆቹ አቀርቅረዋል። እሱ ካልበላ እነዚህ ሰዎች አይበሉም፤ እሱ ከወጣ ደግሞ ይበላሉ፣ ግን ከእንግዲህ ያለ እሱ።

ስዊድንኛ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ቀን ካስተማሩት ዓረፍተ ነገሮች አንዱን በሃያ ዓመት ውስጥ በሰው ቤት አንድም ቀን ተጠቅሞበት አያውቅም። መጋረጃውን ገለጠ። ሉርደስ ጀርባዋን ሰጥታ ዶሮውን ወደ ድስቱ እየመለሰች ነበር።

«ርቦኛል» አላት።

ዞረች። «ምን አሉ?»

«ርቦኛል። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ከቅዳሴ ነው የመጣሁት።»

«በልቻለሁ አሉኝ እኮ።»

«ዋሽቼ ነው።»

«ሦስት ጊዜ?»

«ሦስት ጊዜ። እኛ ዘንድ እንደዚያ ነው። እርስዎ ይለምኑኛል፣ እኔ እምቢ እላለሁ። እርስዎ ይቆጡኛል፣ እኔ ለእርስዎ ስል እበላለሁ። ሆዳም እንዳልባል ብዬ ነው።» ይህን ማለት ከፊተኛው ስለከበደው ባርኔጣውን እያየ ጨመረበት። «ሆዳም ነኝ። ደግሞም እሑድ ብቻዬን ነኝ።»

ሉርደስ ማንኪያውን አስቀመጠች። «እናቴ» አለች ቀስ ብላ፣ «ጎረቤት ስትሄድ በልቻለሁ ነበር የምትለው። እኛ ልጆቿም በልተናል እንድንል ትቆነጥጠን ነበር። ተርበን እንመለሳለን።» ከዚያ ሽርጧን አጠበቀች። «ልጅዎ አስምላኝ ከማክሰኞ ጀምሮ ምላሴን ነክሼ ነው የሰነበትኩት። ካፖርትዎን ያውልቁ።»

«ኧረ እኔው ራሴ…»

«ያውልቁ አልኩ።»

እጅጌውን ያዘችው። ሰላምሰገድ የተያዘው እጅጌ እንዳይለቀቅ ፈርቶ እጁን ከካፖርቱ ቶሎ አላወጣም። እየጎተተች በገበታው ዙሪያ ወሰደችው፤ አጎቶቹ ተጠጋጉ፤ በሮቢና በዘውዳሟ ልጅ መካከል ቦታ ተከፈተ። ሩዝ ከመረችለት። ዶሮውን አወረደችበት፣ መረቁን አፈሰሰችበት።

«በቃ፣ በቃ፣ ትንሽ ብቻ» አለ እጁን ሳህኑ ላይ ጋርዶ።

ሉርደስ ጭልፋውን አየር ላይ እንደያዘች ወደ ሰሎሜ ዞረች። «ይኼ በቃ፣ የእውነት በቃ ነው?»

«አይደለም» አለች ሰሎሜ። «ጨምሪለት።»

ጨመረችለት። ሰላምሰገድ ወንበሩን ወደ ገበታው ሳብ አድርጎ ቁጭ አለ፣ አማተበ፣ አፈሰ። በዙሪያው ማንኪያው ሁሉ ባንድ ጊዜ ተንኳኳ። የመጀመሪያው ጉርሻ ምላሱን አቃጠለው፤ እስኪበርድ ሳይጠብቅ ሁለተኛውን አነሳ።