ሳላነብ የፈረምኩበት ኮድ

ባለፈው ሳምንት የአንድ የሥራ ባልደረባዬን ላፕቶፕ ጀርባውን ፈትቼ ሳጸዳ፣ ከፋኑ ሥር የወጣው የአቧራና የበረሮ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ፊቴን አዞርኩ። ባልደረባዬ አቧራውን የተጸየፍኩ መስሎት ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔን ያስጸየፈኝ ግን ደብረ ታቦር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የሠራሁት ሥራ ነው።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክበብ ነበረው። የሚመሩት ከአርባ ምንጭ የመጡ መምህር ማርቆስ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ የእኛ አገር ብርድ አልስማማ ብሏቸው በጠራራ ፀሐይ እንኳ ሻርፕ ከአንገታቸው አይለይም። ሰባት ተማሪዎች ነበርን። ላፕቶፑ ግን አንድ ብቻ፣ እሱም መምህር ከራሳቸው ደመወዝ የገዙት አሮጌ፤ ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮሃል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፈቱት። ውስጡ የተጠቀለለ ፀጉር፣ የአይጥ ሽንት የሚሸት ጥቁር አቧራ፣ ደርቀው የተጣበቁ በረሮዎች ነበሩ። በጥርስ ብሩሽ ስንፈቀፍቅ አንዲት የበረሮ ክንፍ በርራ ከንፈሬ ላይ አረፈች። ሮጬ ወጥቼ ባሕር ዛፉ ሥር አስመለሰኝ። ፈንታነሽ በጣሳ ውሃ ይዛ ተከተለችኝና እየሳቀች ጀርባዬን መታ መታ አደረገችልኝ።

ፈንታነሽ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን ጓደኛዬ ናት። አባቷ አያ ሙጬ ከከተማው ወጣ ብሎ ገብስ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ፤ እሷ ከተማ አክስቷ ዘንድ ሆና ነው የተማረችው። በሂሳብ የሚደርስባት አልነበረም።

ከጽዳቱ በኋላ መምህር አንድ ሥራ ሰጡን። "ላፕቶፑ ውስጥ አንዲት ትንሽ መቆጣጠሪያ አለች። ፋኑን፣ ባትሪውን፣ የቁልፍ ሰሌዳውን የምታዘው እሷ ናት። ሙቀቱንም በራሷ ትንሽ ሜሞሪ ላይ ትይዛለች። እሱን የሚያነብ ድራይቨር፣ ሲስተሙን ከዕቃው ጋር የሚያነጋግር ፕሮግራም፣ እንጻፍ" አሉን። እንዲህ ያለው ኮድ የሚገባው ከርነል በሚባለው የሲስተሙ እምብርት ውስጥ ስለሆነ፣ ትንሽ ስሕተት ማሽኑን ሊገድለው እንደሚችል አስጠነቀቁን። ስለዚህ ፈንታነሽ እንድትጽፍ፣ እኔ ደግሞ እያንዳንዱን መስመር እንድመረምር ወሰኑ።

"የጻፈ ሰው የራሱን ስሕተት አያይም" አሉኝ። "አንዴ ከፈረምሽበት የአንቺም ሥራ ነው።"

ፈንታነሽ በሦስት ሳምንት ጨረሰች። መምህር አተሙላት፤ ስድስቱን ገጽ እሷ ሰጠችኝ። የመጀመሪያውን አነበብኩ፤ ልቅም ያለ ነበር። ሁለተኛውን ልገልጥ ስል የሰፈር ልጆች ቪዲዮ ቤት አዲስ የህንድ ፊልም መጥቷል ብለው ጠሩኝ። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ "ሁሉንም አንብቤዋለሁ፤ ስሕተት የለውም" ብዬ ጻፍኩና ፈርሜ ሄድኩ።

ሥራችን የታየው ወላጆች በተጠሩበት ቀን ነው። አያ ሙጬ አዲስ ጋቢ ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። የሙቀቱ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ተጨበጨበ፤ እሳቸውም ነገሩ ባይገባቸውም ከሁሉ አብልጠው አጨበጨቡ። ጥቂት ቆይቶ ፋኑ ጸጥ አለ። መምህር ወደ ማሽኑ ሲሮጡ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ስክሪኑም ጠፋ። የሰባታችን የዓመት ሥራ እዚያው ውስጥ ነበር።

"ማን ነው ይህን የሠራው?" አሉ ርዕሰ መምህሩ በቁጣ።

"እኔ ነኝ" ብላ ፈንታነሽ ተነሳች።

"ማንስ አየው?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። "ያሳየችኝ ሌላ ነበር፤ ይህን አልሰጠችኝም" አልኩ።

ፈንታነሽ አየችኝ እንጂ አልተናገረችም። አያ ሙጬ ግን ብድግ ብለው ጋቢያቸውን አደገደጉና "ልጅ ናት፤ ስለ እመቤታችን ይቅር በሏት" እያሉ እጅ ነሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺም ይቅር በያት ልጄ፤ ስምሽን በከንቱ አስነሳችብሽ።"

"እሺ" አልኳቸው። በሕይወቴ ከአፌ ከወጣው ሁሉ እንደዚያ "እሺ" የሚቀፈኝ የለም።

ፈንታነሽ ከክበቡ ተባረረች። ሰኞ ዕለት መምህር ወረቀቶቹን አገላብጠው ስሕተቱን ሁለተኛው ገጽ ላይ አገኙት። መቆጣጠሪያዋን የሚያናግራት የእኛ ድራይቨር ብቻ አልነበረም፤ ሲስተሙም ያናግራታል። አንዱ ሲናገር ሌላው ተራውን እንዲጠብቅ የሚያደርግ መቆለፊያ ያስፈልግ ነበር፤ እሱ ተረስቷል። ሁለቱ እኩል ሲናገሩ እኛ ለማንበብ የላክነውን ቁጥር እሷ ፋኑን የሚያቆም ትእዛዝ አድርጋ ወሰደችው። ማሽኑ ሲግል ራሱን የሚያጠፋበት መከላከያም ቀድሞ ተበላሽቶ ኖሯል። ስለ መቆለፊያው ደግሞ መምህር ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተምረውናል። ገጹን ገልጬ ቢሆን ኖሮ አየው ነበር።

አስጠርተውኝ የመጨረሻውን ገጽ ፊቴ ዘረጉት። "የማን ፊርማ ነው?"

"የእኔ ነው።"

"አንብበሽዋል?"

"የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ፣ መምህር።"

ሻርፓቸውን አጠበቁና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። "ከዚያ ሁሉ በረሮ ይልቅ የሚቀፈኝ ይኼ ነው" አሉ። እጄን ይዘው ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ወሰዱኝና እያለቀስኩ እውነቱን ተናገርኩ። ፈንታነሽ ተመለሺ ስትባል "አልመጣም" አለች። ዴስክም ቀየረች።

ዛሬ የምተዳደረው የሰው ኮድ በመመርመር ነው። ያን ጊዜ አንድ ላፕቶፕ ለሰባት ተሻምተን፣ በብሩሽ ፈቅፍቀን፣ የታተመ ወረቀት እንደ ብርቅ ይዘን ነበር የምንሠራው። አሁን ሁሉም ማሽን አለው፤ አንድ ቁልፍ ተጭኖ "ደህና ይመስላል" ብሎ ማለፍ ቀሏል። ሳያነቡ የሚያልፉትን ሳይ ያቅለሸልሸኛል፤ ከሁሉ በፊት ግን የማየው ራሴን ነው።

ፈንታነሽ አሁን አንበሳሜ ከተማ የሂሳብ መምህርት ናት። አምና ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ሳቅ ብላ አቀፈችኝ። ያን ቀን ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኳት።

"ጓደኛዬ ኮዴን አንብባ ስሕተት አጣችበት ብዬ ለአባቴ ነግሬያቸው ነበር" አለችኝ። "አምነውሽ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ውሸታም ልበልሽ?"

አያ ሙጬ አርፈዋል። እውነቱን ነግራቸው እንደሆን ስጠይቃት "አልነገርኳቸውም" አለችኝ። እስኪያርፉ ድረስ "ያች ያስቀየምናት ልጅ ደኅና ናት?" እያሉ ይጠይቋት ነበር።