የመናኸሪያው ፖሊስና የሀዲያ ቅሬ

ጥር 18 ቀን 2015 ዓ.ም. ወንድሜ ምክትል ሳጅን አሳምነው ሲሞት የግቢያችን አጥር ግማሹ ብቻ ታጥሮ ነበር። ለቀረው ወገን የሚሆነው የባሕር ዛፍ ቋሚ ተልጦ፣ ጫፉ ተጠርቦ፣ ከተቆፈረው ጉድጓድ አጠገብ ተደርድሯል። ቅዳሜ እጨርሰዋለሁ ብሎ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ራሱን አመመው፤ ወደ ደሴ ስንወስደው መንገድ ላይ አረፈ። አርባ አንድ ዓመቱ ነበር።

የምሠራው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያየሁትንና ሰዎች የነገሩኝን እየለየሁ እጽፋለሁ።

አሳምነው ፖሊስ ከሆነ በኋላ ረጅሙን ጊዜ የሠራው መካነ ሰላም መናኸሪያና በዙሪያው ባለው ገበያ ነው። ከባድ ወንጀል የሚበዛበት ቦታ አይደለም። ሰው የሚማረረው ማንም ክስ በማይመሠርትበት ነገር ነው። ሚኒባስ ሳይቆም በር የሚከፍቱ፣ የመንገደኛ ሻንጣ ሳይጠየቁ ተሸክመው ሒሳብ የሚሉ፣ ያለፈችውን ሴት ሁሉ የሚላከፉ፣ ጠርሙስ መንገድ ላይ የሚሰብሩ ጎረምሶች አሉ። ከዓረብ አገር የሚመለሱ ሴቶች ትልልቅ ሻንጣ ስለሚይዙ የደሴው መኪና ሲደርስ ሁሉም ወደዚያ ይሮጣሉ።

ሌሎቹ ፖሊሶች ልጆቹን ሰብስበው ጣቢያ ያውሉና ሲመሽ ይለቋቸዋል። በማግስቱ እንደ ጀግና ይመለሳሉ። አሳምነው ግን አንድን ጎረምሳ ሲይዝ ስሙን አይጠይቅም። የሚጠይቀው “የየትኛው ቅሬ ልጅ ነህ?” ብሎ ነው። ቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው፣ በእኛ ዘንድ የአንድ ሰፈር ሰው እስላም ክርስቲያን ሳይል ሟቹን ለመቅበርና ሐዘንተኛውን ለመደገፍ የተሳሰረበት ማኅበር ነው። ዳኛ አለው፣ ሕግ አለው፣ መቀጫ አለው። አሳምነው ከቅሬ ዳኞች ጋር ተስማምቶ ትንንሹን ጥፋት መጀመሪያ እነሱ እንዲያዩት አደረገ። ጎረምሳው በእናቱ ጎረቤቶች ፊት ይቆማል፣ ይመከራል፣ ይቅርታ ጠይቆ ይሄዳል። አንዱ ክንዱን ይዞ “ሳጅን፣ በናትህ እሰረኝና ይለፍልኝ” ብሎ እንደለመነው እየሳቀ አጫውቶኛል።

መናኸሪያው ሰው በሰላም የሚያልፍበት ሆነ። እሱም በዚህ አሠራር ተማመነ።

በ2015 ጥቅምት ሄለን የምትባል ልጅ ከቤይሩት ተመልሳ ከመኪና ወረደች። ከዚያ ወዲህ እዚያው መናኸሪያ ጥግ ሱቅ ከፍታ ሻሽና የሴት ቦርሳ ትሸጣለች፤ የነገረችኝም እሷ ናት። አህመዲን የሚባል ጎረምሳ ሻንጣዋን ነጠቃት። አለቅም ብላ ስትስበው ዚፑ ተቀደደና ዕቃው ጭቃ ላይ ተበተነ። ያገለገለ የልጅ ልብስ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ የሳሙና ዱቄት። አህመዲን አበባውን አንሥቶ ለተሰበሰበው ሰው እያሳየ እንዲህ አላት፦

“ለዚህ ነው ባሕር የተሻገርሽው? ይሄንስ ደጎሎ ገበያ ታገኚው ነበር።”

ሰው ሳቀ። ሄለን ዕቃዋን ሳትሰበስብ ሄደች። የለቀመላት አሳምነው ነው።

አህመዲን ከሳዑዲ ተይዞ የተመለሰ ልጅ ነው። እናቱ እትይ ሀዲያ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ያሳደገችው፣ የእኛው ቅሬ አባል ናት። አሳምነው እንደ ልማዱ ወደ ቅሬው ዳኛ ወደ ሸህ ሀምዱ ወሰደው። ከእሱ በፊት የመጡት ሁሉ ይቅርታ ጠይቀው ነበር፤ አህመዲን አልጠየቀም። መቀጫውንም አልከፍልም አለ። ጭራሽ ዳኛውን “እናንተ ሬሳ ጠብቁ፣ የቆመ ሰው ምን አገባችሁ” ብሎ ተናግሮ ወጣ። ቅሬው ሦስት ጊዜ አስጠራው፤ አልመጣም። ኅዳር ላይ ሕጉ እንደሚለው ቤቱን ከቅሬ አስወጡት።

ከቅሬ የወጣ ቤት ለለቅሶ አይጠራም፣ የሚያዋጣው አይወሰድለትም፣ ሲሞትበትም ጎረቤት አይቀብርለትም። አሳምነው ሕጉን እንደማንኛችንም ያውቃል። ግን እስከዚያ ቀን ማንም መጨረሻው ድረስ ሄዶ ስለማያውቅ መጨረሻውን አላሰበውም። ያን ቀን ማታ ወደ ሸህ ሀምዱ ሲሄድ አብሬው ነበርኩ።

“ሸህ ሀምዱ፣ እኔ ያመጣሁት ልጁን ነው። እናቲቱን አይደለም” አለ።

“ቅሬ ላይ የልጁ ስም የለማ” አሉት። “ያለችው ሀዲያ ናት። እኛ ቤት ነው የምናውቀው።”

“ሴትዮዋ ልብ ሕመምተኛ ናቸው። ቢሞቱስ?”

“ያ ሳጅን፣ አንተ ያሰርኸውን እኔ መጥቼ ፍታልኝ ብልህ ትፈታለህ?”

አሳምነው ለመሄድ ተነሣ። ሸህ ሀምዱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወጥተው እስከ በር ሸኙን። እዚያ ቆመው መንገዱን ነገሩት። የተበደለችው ልጅ በገዛ አፏ ተክሻለሁ ካለች ቅሬው ነገሩን እንደገና ያየዋል። አለዚያ ዳኛው ሊምሩት ቢፈልጉም ሰው አይቀበላቸውም።

እትይ ሀዲያ በዚያ ሰሞን ከአልጋ መነሣት አቅቷት ነበር። አሳምነው ሊጠይቃት ሲሄድ፣ የሆነው ቢሆን እኔና ባልደረቦቼ አለን፣ ሜዳ ላይ አይቀሩም አላት። እሷም “አሳምነው ልጄ፣ ሞቱንስ አልፈራሁት። ሬሳዬን ፖሊስ ተሸክሞት ሲያልፍ፣ ሰው ምን ሰርቃ ነው እንዳይል ነው” አለችው። እሱም ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ቤት ሲመጣ ግን ራቱን ሳይበላ ተኛ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ ይህ ሆነ። መጀመሪያ ወደ ሄለን ሄዶ ሸህ ሀምዱ ግቢ መጥታ ይቅርታውን እንድትቀበል ለመናት። አህመዲንም በእናቱ ሕመም ደንግጦ እሺ ብሎ ነበር። ሄለን አልተቀበለችም። ምን ብላ እንደመለሰችለት እሱም እሷም በአንድ ቃል ነግረውኛል፦

“የሰደበኝ መናኸሪያ ላይ ነው፣ ሽማግሌ ግቢ አይደለም። የሳቀብኝ ሰው ሁሉ እዚያው ነው ያለው። እዚያው ይበለው። ደግሞ አንተ አጠገቡ እንዳትቆም፤ ፖሊስ አስገድዶት ነው ይላሉ።”

አሳምነው ይህን ለአህመዲን ሲነግረው ልጁ እምቢ አለ። ሽማግሌ ፊት መቆም አንድ ነገር ነው፤ የመናኸሪያ ጓደኞቹ ፊት ግን ሞት ነው አለ። አሳምነው አልተቆጣውም፤ እናትህ ጋ ሄደህ እምቢ ያልህበትን ምክንያት አንተው ንገራቸው ብሎት ተመለሰ። ልጁ ለሁለት ሳምንት ያህል ከመናኸሪያው ጠፋ።

ታኅሣሥ መጨረሻ፣ በገበያ ቀን፣ የደጎሎው ሚኒባስ እየሞላ ሳለ አህመዲን መጣ። አሳምነው ሲያየው ከስፍራው ተነሥቶ ትኬት መቁረጫው ጋ ሄደና ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ስለዚህ የሆነውን አላየም። የነገረችኝ ሄለን ናት። አህመዲን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲህ አለ፦

“በጥቅምት የዚችን ልጅ ሻንጣ የነጠቅሁት እኔ ነኝ። ለዚህ ነው ወይ የሄድሽው ብዬ ሰደብኋት። እኔ ከጂዳ ስመጣ አንድ ፌስታል ነበር የያዝሁት። እሱንም ደሴ ላይ ለእናቴ ሳሙና ገዝቼ ነው የሞላሁት።”

አንዱ ረዳት ከመኪናው በር ላይ፣ “እናትህን የሳዑዲ ነው አልኻት?” አለው።

“አዎ።”

ሰው ሳቀ። ሄለንም እንደሳቀች አልደበቀችኝም። ከዚያ ሱቋን ለጎረቤት አደራ ብላ ወደ ሸህ ሀምዱ ሄደች።

ቅሬው ጥር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ተሰብስቦ ሀዲያን መለሰ። አህመዲን ግን እንዲያው አልተለቀቀም። ዓመቱ እስኪያልቅ በቅሬው ለሚሞት ሰው ሁሉ መቃብር ከሚቆፍሩት ጋር እንዲወጣ ፈረዱበት። አሳምነውም ተነሥቶ መናገር እፈልጋለሁ አለና፣ ከእንግዲህ ልጅ ሳመጣላችሁ እናቱን እንዳትነኩ አስቀድመን እንስማማ ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ ለሚቀጥለው ስብሰባ አቆዩት። እስካሁን አልተወሰነም።

ከጥምቀት በኋላ በሰፈራችን አቶ ንጉሡ የሚባሉ ሽማግሌ አረፉ። አህመዲን ዶማ ይዞ ወጣ። እትይ ሀዲያ ተነሥታ መቀመጥ ጀምራ ስለነበር የድርሻዋን ንፍሮ ቀቀለች፤ ተሸክማ መሄድ ግን አልቻለችም። ማክሰኞ አሳምነው ወደ ሥራ ሲያልፍ በሩ ላይ ጠራችው። ንፍሮውን ክዳን ባለው ባልዲ እንደያዘ፣ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ፣ ገበያውን አቋርጦ ለቅሶ ቤት አደረሰላት። መንገድ ላይ ጎረምሶቹ “ሳጅን፣ በስንት ትሸጠዋለህ?” ብለው ቀልደውበታል። ለቅሶ ቤት ያሉት ሴቶች ከማን ነው ብለው ጠየቁት፤ ከሀዲያ ነው አለ። ተቀብለው ከሌላው ጋር አንድ ላይ ገለበጡት።

ረቡዕ፣ ጥር 17፣ ከሥራ ሲወጣ ለቅሶ ቤት ጎራ ብሎ ባልዲውን ታጥቦ አገኘውና ወሰደላት። እትይ ሀዲያ ተቀብላ አየችውና ክዳኑስ አለችው። አሳምነው ተመልሶ ሄደ፤ ለቅሶ ቤት ከተደረደሩት የጎረቤት ክዳኖች መካከል የእሷን ፈልጎ አገኘና አምጥቶ ሰጣት።